መኪናዬ በአንድ ማታ ሦስት ዓይነት ሰዓት ሰጠችኝ፤ ጥፋቱ የሙቀት ነው?

አሜሪካ የምንኖር መኪና ወዳድ ሐበሾች በምንገናኝበት የውይይት መድረክ ላይ ሰሞኑን አንድ ክር፣ ማለትም አንድ ጥያቄና የተከተሉት መልሶች፣ ረዘመ። ጉዳዩ ድራግ ሬሲንግ ነው። ቀጥ ያለ 402 ሜትር አስፋልት፣ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት መኪኖች፣ አንድ የመነሻ መብራት። ክሩን ከላይ እስከ ታች ለማንበብ ጊዜ ላጣ ሰው የተባለውን በራሴ አነጋገር ላቅርብ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። በእኛ መካከል ስለ ፈረስ ጉልበት ሲወራ ይታደራል። ስለ ውሃ፣ ስለ ሞተር ዘይትና ስለ ካምቢዮ ዘይት ሙቀት የሚያወራ ግን ጥቂት ነው። ሰዓት የሚያዛባው ደግሞ ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ይህ ክር ነገሩን አደባባይ ስላወጣው ደስ ብሎኛል።

ክሩን የከፈተው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የሚኖር ልጅ ነው። 2019 ሙስታንግ ጂቲ ይነዳል፤ 5 ሊትር ቪ8፣ ባለ 10 ማርሽ አውቶማቲክ ካምቢዮ። ሞተሩ ከፋብሪካ እንደወጣ ነው። አንድ ማታ በድስ ክሪክ ወደሚገኘው ሜሪላንድ ኢንተርናሽናል ሬስዌይ ሄዶ ሦስት ጊዜ ሮጠ። መጀመሪያ 12.31 ሰከንድ፣ ቀጥሎ 12.44፣ መጨረሻ ላይ 12.59። መኪናዋ ያቺው፣ ሾፌሩም እሱው። ሊገባበት ያሰበው ብራኬት የሚባለው ውድድር ነው። እዚያ እያንዳንዱ ተወዳዳሪ መኪናዋ በስንት ሰከንድ እንደምትገባ አስቀድሞ መስታወቱ ላይ ይጽፋል። ዝግተኛዋ መኪና በልዩነቱ ያህል ቀድማ ትነሳለች። ከጻፈው ሰዓት ፈጥኖ የገባ ሰው በአብዛኛው ይሸነፋል። ስለዚህ የሚያሸልመው ፈጣን መሆን ሳይሆን ያሉትን ሰዓት መድገም ነው። በዚህ ውድድር የሰከንድ ሦስት አስረኛ ልዩነት ትልቅ ገደል ነው። ልጁ ግን መድኃኒቱን ያገኘ መስሎታል። ሞተር በቀዘቀዘ ቁጥር ጉልበት ይጨምራል፤ ስለዚህ ሁሉንም ነገር እስከ ጥግ ማቀዝቀዝ ነው የሚል አቋም ይዞ መጣ። የጠየቀውም ስንት ከረጢት በረዶ እንደሚያስፈልገው ነበር።

መልስ 1 የመጣው ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ጨዋ መልስ ነበር። ጸሐፊው ልጁን በደስታ ተቀበለው። ምክር ከመስጠቱ በፊት ግን አራት ቁጥሮች ጠየቀው፤ መነሻው መስመር ላይ ሲቆም የውሃው፣ የሞተር ዘይቱ፣ የካምቢዮ ዘይቱና ወደ ሞተሩ የሚገባው አየር ሙቀት ስንት ስንት እንደነበር። በሩጫዎቹ መካከል ስንት ደቂቃ እንዳለፈም ጠየቀ። ልጁ የሚያውቀው ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን የውሃ ጌጅ ብቻ ነበር። እሱም ማታውን ሙሉ መሐል ላይ እንደቆመ ነው።

መልስ 2 በረዶውን ደገፈ። የሻርለት ሰው ነው። ሰልፍ ላይ ሆኖ የአየር ማስገቢያው ማኒፎልድ ላይ የበረዶ ከረጢት ያስቀምጥ እንደነበርና የሰከንድ አንድ አስረኛ ያህል እንዳተረፈለት ተረከ። ብዙ ሰው ወደደለት። እኔም አልጠራጠረውም፤ ቀዝቃዛ አየር እፍጋቱ ከፍ ያለ ስለሆነ ኦክስጅን ይበዛበታል። ችግሩ ሌላ ነው፤ ወደ ታች እንመጣበታለን።

መልስ 3 የክሩ የመጀመሪያ ቁም ነገር ነው። ጸሐፊው ፌርፋክስ አካባቢ የሚሠራ ሐበሻ መካኒክ ነው። መኪና ውስጥ ያሉትን ፈሳሾች ሁሉ በአንድ ዓይን ማየት ስህተት መሆኑን አስረዳ። ውሃው ቀዝቀዝ ቢል ይጠቅማል። የሞተሩ ራስ የሆነው ቴስታታና ማኒፎልዱ ስለማይግሉ የሚገባው አየር አይሞቅም፤ ኮምፒውተሩም ሞተሩ እንዳያንኳኳ (ቤንዚኑ ያለጊዜው እንዳይፈነዳ) ብሎ ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትን ጊዜ አያዘገይም። ዘይቱ ግን ተቃራኒውን ይፈልጋል። ቀዝቃዛ ዘይት ብርድ እንደመታው ማር ነው። ፓምፑ እሱን ለመግፋት ጉልበት ይበላል፣ በየብሮንዚናውና በየፒስተን ቀለበቱ ያለው ሰበቃም ይጨምራል። ያ ሁሉ ከጎማው ላይ የሚቀነስ ጉልበት ነው። መካኒኩ ለተራ የመንገድ መኪና ውሃው ከ70 እስከ 80 ዲግሪ፣ የሞተር ዘይቱ ከ80 እስከ 100 ዲግሪ ቢሆን ጥሩ ነው ይላል። ውሃው ከዚያ በጣም ከወረደ ኮምፒውተሩ ሞተሩ ገና አልሞቀም ብሎ ትርፍ ቤንዚን መርጨት ይጀምራል።

ጌጁ መሐል ላይ ነበር የተባለው ነገር መልስ 4ን አስነሳ። ይህ ሰው አጭር ነው ግን ልክ ነው። በብዙ ዘመናዊ መኪኖች ላይ የውሃው ጌጅ ሾፌሩ እንዳይደናገጥ ተብሎ በሰፊ የሙቀት ክልል ውስጥ መሐል ላይ እንዲቆም የተደረገ ነው። ውሃው 80ም ይሁን 100 መርፌው ንቅንቅ ላይል ይችላል። መፍትሔው ርካሽ ነው። መሪው ሥር ባለው ኦቢዲ በሚባለው የኮምፒውተሩ ሶኬት ላይ ትንሽ ማንበቢያ ሰክቶ ትክክለኛውን ቁጥር ስልክ ላይ ማየት። የካምቢዮውና የሚገባው አየር ሙቀት በብዙ መኪኖች ላይ እዚያው ይገኛል።

መልስ 5 ወደ መልስ 2 ተመልሶ በረዶውን ተቃወመ። በአንድ የውድድር ቦታ መነሻ መስመር ላይ ሠርቷል። የቀለጠ በረዶ ከመኪና ሥር ይንጠባጠባል። መነሻው መስመር ደግሞ ጎማ እንዲይዝ ሙጫ መሰል ነገር የተቀባ ነው። አንድ ኩባያ ውሃ ቢፈስበት ከኋላ የሚመጣው ሰው መኪናው ይንሸራተትና ግድግዳ ሊመታ ይችላል። ስለዚህ ውሃ የሚንጠባጠብባት መኪና ከመስመሩ ትመለሳለች። ሰልፍ ላይ ሳሉ ኤሲ ማጥፋት የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው፤ ኤሲ ሲሠራ ውሃ ያፈሳል። ይህን የማያውቅ አዲስ ሰው ብዙ ነው፤ ልብ በሉት።

መልስ 6 ከመንገድ ወጣ። በዚህ ሁሉ ጣጣ ፈንታ የኤሌክትሪክ መኪናዋን ቴስላ መግዛት ይሻላል፤ ዘይት የለ፣ ካምቢዮ የለ የሚል ነው። መልስ 7 ወዲያው አረመው። የቴስላው ሞዴል ኤስ ፕሌድ ራሱ ለድራግ የተለየ ሁነታ አለው። ሾፌሩ ያንን ሲያበራ መኪናዋ ባትሪዋን ወደሚፈለገው ሙቀት እስክታደርስ ደቂቃዎች ትጠይቃለች። ኤሌክትሪክም ቢሆን ከሙቀት ጉዳይ አላመለጠም። ከዚያ ክሩ ስለ ባትሪ ዋጋና ስለ ቻርጅ ማድረጊያ ትንሽ ተንዛዛ። ያን እዘለዋለሁ።

ጭቅጭቁ የጀመረው መልስ 8 ላይ ነው። አዲስ አበባ፣ ጎፋ አካባቢ ጋራዥ ያለው ሰው ገባ። የሱ ምክር ቴርሞስታቱን፣ ማለትም ውሃው እስኪሞቅ ወደ ራዲያተሩ እንዳይሄድ የሚዘጋውን ቫልቭ፣ አውጥቶ መጣል ነበር። ብዙ መኪና ላይ እንዲህ አድርጎ ሙቀት እንደጠፋ ጻፈ። አገር ቤት ጋራዥ የገባ ሰው ይህን ምክር ያውቀዋል።

መልስ 9 ያው የፌርፋክሱ መካኒክ ነው፤ አሁን ግን ጨዋነቱ ቀነሰ። ይህ ምክር ስንት ሞተር እንደጨረሰ በምሬት ጻፈ። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር ቶሎ አይሞቅም፤ በቀዝቃዛ አየር ደግሞ ጭራሽ ልኩ ላይ ላይደርስ ይችላል። ያልተቃጠለ ቤንዚን ወደ ዘይቱ ይወርዳል፣ ዘይቱ ውስጥ የሚጠራቀመው እርጥበትም ተንኖ አይወጣም፣ ዝቃጭ ይሆናል። ለብራኬት ደግሞ የባሰ ነው። የውሃው ሙቀት በነፋሱና በመንገዱ ልክ ሲወጣና ሲወርድ ያመሻል፤ አንድም ሩጫ ሌላውን አይመስልም።

መልስ 10 የጎፋው ሰው ነው። ተቆጥቷል። እዚያ ኦሪጅናል ዕቃ መደርደሪያ ላይ ይዞ ማውራት ቀላል እንደሆነ፣ እሱ ግን 30 ዓመት ያገለገለች፣ ራዲያተሯ በዝገት የተደፈነ መኪና ይዞ ባለቤቷን ዛሬ ወደ ሥራው መመለስ እንዳለበት ጻፈ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ እንደሚፈላም አስታወሰ። ይህ እውነት ነው። ለሰውየው ያለኝን አክብሮትም አልደብቅም፤ በሌለ ዕቃ መኪና ማስነሳት ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። ግን በነገሩ ከመልስ 9 ጋር ነኝ። በሽታው የተደፈነው ራዲያተር ነው። ቴርሞስታቱ ተወቀሰ እንጂ ጥፋተኛ አይደለም።

መልስ 11 ላይ ጋሼ ገቡ። ሎስ አንጀለስ የሚኖሩ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ሁለቱንም መካኒኮች ገሠጹ፣ ከዚያ አስታረቁ። ቴርሞስታት አውጥተው የሚወዳደሩ ሰዎች እንዳሉ፣ እነሱ ግን ቦታውን ባዶ እንደማይተዉት አስረዱ። መሐሉ ላይ ቀዳዳ ያለው ክብ ብረት ያስገባሉ፤ የውሃውን ፍሰት የሚገድበው እሱ ነው። ስለ ከፍታውም መጨመሪያ ነበራቸው። በ92 ዲግሪ የሚፈላው ክፍት ድስት ላይ ያለ ውሃ ነው። ደኅና የራዲያተር ክዳን ግፊቱን ስለሚይዝ አዲስ አበባም ላይ ቢሆን ውሃው ከ110 ዲግሪ በላይ ሳይፈላ ይቆያል። ስለዚህ መኪናዋ ስትፈላ ቴርሞስታቱን ከመንቀል በፊት የደከመውን ክዳን መቀየር። የጎፋው ሰው ለዚህ አመሰገናቸው። በኔ ግምት ክሩ ውስጥ ካሉት ምክሮች ሁሉ አገር ቤት ላለ ሰው የሚጠቅመው ይሄኛው ነው።

ጋሼ ቤንዚንና አየር በካርቦራቶር ይደባለቅ በነበረበት ዘመን ስለነበረው ነገርም አወጉ። ተወዳዳሪዎች ቤንዚኑ ካርቦራቶሩ ጋ ሲደርስ እንዳይሞቅ የነዳጁን ቱቦ በበረዶ በተሞላ ቆርቆሮ ውስጥ ጠምዝዘው ያሳልፉት ነበር። 

መልስ 12 ከፍታውን ይዞ ወደ ዴንቨር ሄደ። እዚያ ባንዲሚር ስፒድዌይ የሚባል በ1,770 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ቦታ ነበር፤ በ2023 ተዘጋ። ተርቦ (ተጨማሪ አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። በዚህ ስሌት ያው ሙስታንግ አዲስ አበባ ብትወሰድ ከጉልበቷ ከአምስት አንድ እጅ በላይ ትተዋለች። አንድ ወጣት ቀጥሎ ሌሊት ቀለበት መንገድ ላይ ስለ መሞከር ጻፈ። አወያዩ አጠፋው። ልክ አደረገ። ሰው የሚሄድበት መንገድ ላይ የሚደረግ ነገር ስፖርት አይደለም።

መልስ 18 ክሩን ወደ ጥያቄው መለሰው። ጸሐፊዋ አትላንታ የምትኖር፣ ራሷ ብራኬት የምትወዳደር እህታችን ናት። ሁሉም ሰው ስለ ሙቀት ሲገምት ወረቀቱን ያየ እንደሌለ ታዝባለች። ከሩጫ በኋላ የሚሰጠው ወረቀት የመጨረሻውን ሰዓት ብቻ አይናገርም። የመጀመሪያዎቹን 60 ጫማ፣ ማለትም 18 ሜትር፣ በስንት ሰከንድ እንደተጨረሰ ይነግራል። መጨረሻው መስመር ላይ የነበረውንም ፍጥነት ይነግራል። ልጁ ሦስቱንም ወረቀት እንዲያወጣ ጠየቀችው።

መልስ 19 የልጁ ነው። በመጀመሪያው ሩጫ 60 ጫማውን በ1.92 ሰከንድ ጨርሶ በሰዓት 115.4 ማይል ወጥቷል። በሁለተኛው 1.92 እና 114.0 ማይል። በሦስተኛው 2.01 እና 113.9 ማይል። በሩጫዎቹ መካከል ብዙም አልጠበቀም። ሞተሩን ሳያጠፋ፣ ኮፈኑን ሳይከፍት ተመልሶ ሰልፍ ይይዝ ነበር።

መልስ 20ን ደጋግሜ አነበብኩት፤ እንዲህ ያለ ነገር በአማርኛ ተጽፎ ማየት ያስደስታል። እህታችን ሁለት የተለያዩ በሽታዎች እንዳሉ አሳየች። በሁለተኛው ሩጫ መነሻው ምንም አልተለወጠም። የቀነሰው የመጨረሻው ፍጥነት ነው። ፍጥነት ሲቀንስ ጉልበት ቀንሷል ማለት ነው። ኮፈኑ እንደተዘጋ፣ ሞተሩ ሳይጠፋ መኪናዋ ቆማ ስትንተከተክ የኮፈኑ ሥር አየር ጋለ፤ ኮምፒውተሩም እሳቱን አዘገየ። በሦስተኛው ሩጫ ደግሞ ፍጥነቱ ከሁለተኛው ጋር አንድ ነው፤ ጉልበት አልተጨመረም፣ አልተቀነሰም። የጠፋው ጊዜ የጠፋው መነሻው ላይ ነው። እዚያ ደግሞ ተጠርጣሪዎቹ ሁለት ናቸው፤ ሲሞቅ የአየር ግፊቱ የጨመረ ጎማ፣ ወይም የጋለ የካምቢዮ ዘይት። የትኛው እንደሆነ ሳይለካ እንደማትናገር ጻፈች። በረዶ ከሁለቱ በሽታዎች ለሁለተኛው፣ ለመነሻው፣ ምንም አይፈይድም።

ካምቢዮ ሲነሳ የዳላሱ ሰው መጣ፤ መልስ 21። ፓወርግላይድ ይዞ ነው የሚወዳደረው። ጀነራል ሞተርስ ይህን ባለ 2 ማርሽ ካምቢዮ መሥራት ያቆመው በ1973 ነው። ቀላልና ጠንካራ ስለሆነ ድራግ ላይ እስከ ዛሬ ይፈለጋል። ሰውየው አንድ ነገር አሰመረበት። አውቶማቲክ ካምቢዮ ውስጥ ዘይቱ ማለስለሻ ብቻ አይደለም። ቶርክ ኮንቨርተሩ ውስጥ የሞተሩን ጉልበት ወደ ካምቢዮው የሚያሻግረው ራሱ ዘይቱ ነው። መነሻው መስመር ላይ ፍሬን ይዘው ቤንዚን ሲሰጡ ጉልበቱ የሚሄድበት የለውም፤ ሙቀት ሆኖ እዚያው ዘይቱ ውስጥ ይቀራል። በሰከንዶች ውስጥ ብዙ ዲግሪ ይወጣል። ስለዚህ አንዱን ሩጫ ሁለት ሰከንድ፣ ሌላውን አምስት ሰከንድ ይዞ የተነሳ ሰው በሁለት የተለያዩ መኪኖች እንደተወዳደረ ይቁጠረው። እሱ ሁልጊዜ መስመሩ ላይ የሚቆመው የካምቢዮው ዘይት ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ባለው ውስጥ ሲሆን ነው። 115 ካለፈ ዘይቱ መቃጠልና ቡናማ ቅባት መተው ይጀምራል፤ ከዚያ በላይ ላስቲኮቹ ይደርቃሉ፤ ወደ 145 ሲጠጋ ማርሽ የሚይዙት ፍሪሲዮኖች መንሸራተት ይመጣባቸዋል። አንድ ጥሩ ማሳሰቢያም ጨመረ። ከኮንቨርተሩ በሚወጣው ቱቦ ላይ የተገጠመ መለኪያና የካምቢዮው ዘይት ቋት ውስጥ የተገጠመ መለኪያ አንድ ቁጥር አይሰጡም፤ ቱቦው ላይ ያለው ይበልጣል። አንዱን መርጦ በዚያ መጽናት ነው።

መልስ 22 ዲፈረንሻሉን፣ ጉልበቱን ለኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለውን ክፍል፣ አነሳ። እዚያ ያለው ዘይት ወፍራም ነው፣ የሚያዞረው ፓምፕም የለም። ስለዚህ የማታው የመጀመሪያ ሩጫ ብዙ ጊዜ ሰነፍ ይሆናል። ጸሐፊው ያቀረበው መፍትሔ ግን ክሩን እንደገና አጋለው። የኋላ ጎማዎችን በክሪክ አንስቶ ማርሽ ውስጥ ከቶ ማሽከርከር ነበር።

መልስ 23 በጣም ኃይለኛ ነው። ጸሐፊው ከክሪክ ላይ የወደቀች መኪና በዓይኑ አይቷል። ይህን የሚመክር ሰው ኃላፊነት እንደማይሰማው በግልጽ ጻፈለት። ቃላቱ ከበድ ይሉ ነበር፣ ፍርሃቱ ግን ተገቢ ነው። የውድድር ቡድኖች ይህን ሲያደርጉ በክሪክ ብቻ አይተማመኑም። መኪናዋ በጠንካራ የብረት መደገፊያ ላይ ትቀመጣለች፣ የፊት ጎማዎቿ ይታገዳሉ፣ መሪው ጋ የተቀመጠ ሰውም እግሩን ፍሬኑ ላይ ያደርጋል። የመንገድ መኪና ላለው ሰው ይህ ሁሉ አያስፈልግም። ከቤቱ እስከ ውድድሩ ቦታ በሀይዌይ ሲነዳ ዲፈረንሻሉ ሞቋል። ብረቱ ከባድ ስለሆነም ሙቀቱን ረጅም ሰዓት ይይዛል።

መልስ 24 ከዱባይ ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የድራግ ወቅቱ ቀዝቃዛዎቹ ወራት ናቸው፤ ሩጫውም ማታ ነው። በሞቃቶቹ ወራት ቀን ቀን ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ነውና። ሰውየው ከዚህ የተማረውን ጻፈ። ራዲያተር ውሃን ከውጭው አየር በታች ማውረድ አይችልም፤ ወደ አየሩ ሲጠጋም በጣም ይዘገያል። ስለዚህ ማታውን ሙሉ ልትደርስበት የምትችለውን ቁጥር ምረጥ የሚል ነው ሐሳቡ። ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ 80 ዲግሪ እንጂ ከዚያ በታች ማድረስ ካልተቻለ፣ ሌሊት 5 ሰዓት ላይ 65 ማድረስ ቢቻልም 80 ላይ መነሳት። ዝቅተኛው ቁጥር አያጓጓ። የሚፈለገው የማይለወጠው ነው። ከክሩ ሁሉ አንድ መልስ ብቻ አንብብ ብባል ይህን እመርጥ ነበር። ልጁ ክሩን ሲከፍት የያዘውን አቋም ከሥሩ የሚነቅለው ይህ ነው።

መልስ 25 በቤንዚን ፈንታ ሜታኖል የሚባለውን አልኮል የሚጠቀም ሞተር ስለማይግል ችግሩ ሁሉ እንደሚያልቅ ተናገረ። መልስ 26 አረመው። ሜታኖል ሲተን የሚስበው ሙቀት ከቤንዚን 3 እጥፍ ያህል ነው፤ የሚረጨውም መጠን ከእጥፍ ይበልጣል። በዚህ ምክንያት ሞተሩ ከመጠን በላይ ይቀዘቅዛል። ያልተቃጠለው ሜታኖልና እርጥበቱ ዘይቱ ውስጥ ይገቡና ዘይቱ ወተት ይመስላል። ስለዚህ ሜታኖል የሚጠቀሙ ሰዎች ከሞተሩ ሥር ባለው የዘይት ቋት ላይ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ይለጥፋሉ፤ ዘይትም ቶሎ ቶሎ ይቀይራሉ። አንድ ሌላ ሰው ከዚህ ተነስቶ ወደ ቶፕ ፊውል፣ ወደ ድራግ ፈጣኑ ምድብ፣ ሄደ። በ90 በመቶ ናይትሮሜቴን የሚነዱት እነዚያ ጭራቆች ራዲያተርም ውሃም የላቸውም። ሞተሩ የሚሠራው ለአጭር ጊዜ ነው፤ ከእያንዳንዱ ሩጫ በኋላም ይፈታታል። ሩጫቸውም ከ2008 ጀምሮ ወደ 305 ሜትር አጥሯል። ደስ የሚል ወሬ ነው፤ ለሙስታንጉ ልጅ ግን የሚሆነው ነገር የለም።

መልስ 28 የ2018 ዶጅ ዲመንን አነሳ። ይሄ ግን ወደ ነገሩ ይመልሳል። ፋብሪካው ራሱ ለድራግ ብሎ የሠራት መኪና ናት። የኤሲውን ጋዝ ተጠቅማ ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚያቀዘቅዘውን ውሃ ታበርዳለች። ሞተሩ ከጠፋ በኋላም ፋኑና የዚያ ውሃ ፓምፕ መሥራታቸውን ይቀጥላሉ። ፋብሪካ ይህን ያህል ገንዘብ ያወጣው ሁለተኛው ሩጫ ከመጀመሪያው እንዳያንስ ነው።

መልስ 29 የእኔ ነው። ልጁ ስንት ነገር ሰምቶ ግራ ሳይጋባ አልቀረም፤ ስለዚህ ሥርዓት ብቻ ጻፍኩለት። መስመሩን አልፎ ሲመለስ ቀስ ብሎ ይንዳ፤ በዚያ ጊዜ ውሃው ይዞራል፣ አየሩም ይገባል። ቦታው ሲደርስ መኪናዋን አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ አዙሮ ያቁማት፣ ሞተሩን ያጥፋ፣ ኮፈኑን ይክፈት። ሲያጠፋ የውሃው ሙቀት ለጥቂት ደቂቃ ከፍ ቢል አይደንግጥ። ሙስታንጉ ላይ የውሃ ፓምፑ በቺንጋ የሚዞር ስለሆነ ሞተሩ ሲቆም ውሃውም ይቆማል፤ የብረቱ ሙቀት ወደቆመው ውሃ ይገባል። የኤሌክትሪክ ፓምፕ ያላቸው ሰዎች ዕድለኞች ናቸው። ሞተሩን አጥፍተው ፓምፑንና ፋኑን በባትሪ ያስሠራሉ፤ ውሃው ቶሎ ይወርዳል፣ ከታች ያለው ዘይት ግን ሙቀቱን እንደያዘ ይቆያል። የሚፈለገውም ይኸው ነው።

ከዚያ ሰልፉ ሲጠራ አስነስቶ ይግባ። መስመሩ ጋ የሚቀርበው ውሃው በመረጠው ቁጥር ላይ ሲሆን ነው። ፍሬን የሚይዝበት ጊዜ ሁልጊዜ አንድ ይሁን። ከፊቱ ያለው ሰው መኪናው ተበላሽቶ መዘግየት ከመጣ ሞተሩን ያጥፋ። የጎማውን አየር ከእያንዳንዱ ሩጫ በፊት ይለካ። አራቱንም ሙቀቶችና የውጭውን አየር ሙቀት ደብተር ላይ ይጻፍ። ስልክ ላይ የተጻፈ ነገር ውድድሩ መሐል አይገኝም።

መልስ 30 ላይ አንድ ሰው ይህ ሁሉ የሽማግሌ ሥራ እንደሆነና ልጁ ተርቦ ቢያስገባ እንደሚገላገል ጻፈ። መልስ 31 ላይ የአትላንታዋ እህት አጭር መልስ ሰጠችው። ጉልበት ሲጨመር ሙቀትም ይጨመራል። ሰዓቱ መደጋገም ያልቻለ መኪና ላይ ተርቦ መጨመር ልዩነቱን ያሰፋዋል እንጂ አያጠበውም። ሰውየው አልተመለሰም።

መልስ 34 ልጁ ነው። ኦቢዲ ማንበቢያ ገዝቶ ተመልሶ ሄዷል። በመጀመሪያ ሆን ብሎ እንደ ድሮው ሳያርፍ ደጋግሞ ሮጠ። የካምቢዮው ዘይት 108 ዲግሪ ሲደርስ ያቺ ሰነፍ አነሳስ ተመልሳ መጣች፤ የጎማው አየር ግን በዚያ ጊዜ ልኩ ላይ ነበር። ስለዚህ ከሁለቱ ተጠርጣሪዎች አንዱ ተያዘ። ቀጥሎ በሥርዓቱ ሮጠ፤ ውሃው 80፣ የካምቢዮው ዘይት 80 አካባቢ። 12.38፣ 12.40፣ 12.37 መጣለት። 12.31 ዳግም አልታየችም፤ ግን መስታወቱ ላይ 12.37 ብሎ መጻፍ ይችላል፣ መኪናዋም አታሳፍረውም። ብዙዎች እንኳን ደስ አለህ አሉት።

መጨረሻ ላይ የመጣው ክርክር የራዲያተር ውሃ በብርድ በረዶ እንዳይሆን ስለሚጨመረው አንቲፍሪዝ ነው። መልስ 36 ልጁ ራዲያተሩን ንጹሕ ውሃ ብቻ እንዲያደርገው መከረ። ሁለት ምክንያት አለው። ንጹሕ ውሃ ከአንቲፍሪዝ ድብልቅ የበለጠ ሙቀት ይሸከማል። አንቲፍሪዝ አስፋልት ላይ ሲፈስ ደግሞ እጅግ ያንሸራትታል፣ ማጽዳቱም ከባድ ነው፤ ለዚህ ብዙ የውድድር ቦታዎች ይከለክሉታል። መልስ 37 ተቃወመ። ይህች መኪና ልጁ ሥራ የሚሄድባት ናት፣ የሜሪላንድ ብርድ ደግሞ ቀልድ አያውቅም። ንጹሕ ውሃ ዝገትም ያመጣል። ሁለቱ ትንሽ ተነካከሱ። በኔ እምነት ሁለቱም የሚናገሩት ስለተለያየ መኪና ነው። ለውድድር ብቻ የተተወች መኪና ውሃና ዝገት መከላከያ ይበቃታል። በየቀኑ የምትነዳ መኪና ድብልቁን እንደያዘች ትቆይ፤ የቦታው ደንብ ምን እንደሚል ግን ከመሄድ በፊት ደውሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ንጹሕ ውሃ የሚጠቀሙ ሰዎች ኅዳር ሳይገባ ያፍስሱት። የራዲያተሩን ቧንቧ መክፈት ብቻውን አይበቃም፤ ሞተሩ ጎንና ጎን ላይ ያሉት የማፍሰሻ ብሎኖችም ይፈቱ። ራዲያተሩ ባዶ ሆኖ ብሎኩ ውስጥ የቀረ ውሃ አንድ የበረዶ ሌሊት ይበቃዋል፤ ብረቱን ይሰነጥቀዋል።